ንጹሕ ቤንዚን

ፀዳለ የተዘጋ ነገር አይታ ማለፍ አትችልም። ሰዓት ቆሞ ካየች ሆዱን ከፍታ ካላየችው አይሆንላትም፤ የጎረቤት ራዲዮ ዝም ካለ «እስቲ አምጪው» ብላ ጀርባውን ትፈታለች። አንዳንዴ ይድናል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይብስበታል። ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በሕይወት ሳለ «አንቺ እኮ ስትሞቺ መጀመሪያ የምትፈትሺው የሬሳ ሳጥኑን ማጠፊያ ነው» እያለ ይስቅባት ነበር። እሷም አትቀየመውም። እውነቱን ነበርና።

በ1975 ዓ.ም. ፀዳለ ናዝሬት ውስጥ «ፍሬ ላብ» የሚባል የእንጨት ሥራ አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበረች። ማኅበሩ ለትምህርት ቤት ዴስክ፣ ለመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ይሠራል። ከእሷ በፊት ቁልፉን የያዘው አብተው የሚባል ሰው በማኅበሩ ቤንዚን ላይ ላምባ ሲቀላቅል እጅ ከፍንጅ ተይዞ፣ «የኢኮኖሚ አሻጥረኛ» ተብሎ፣ በቀበሌው እስር ቤት ከርሞ ወደ ሌላ ቦታ ተወስዷል። ወዴት እንደተወሰደ የሚጠይቅም አልነበረም። ፀዳለ ቁልፉን ስትረከብ ለራሷ ማለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤንዚን ባወጣች ቁጥር በወጪ ሰነዱ ግርጌ ማንም ሳያዛት በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሕፈቷ «ምንም ያልተቀላቀለበት» ብላ ትጽፍና ትፈርማለች። በዚህ ፊርማዋ ትኮራበት ነበር፤ ኩራቷንም አትደብቅም።

በዚያ ዓመት ማኅበሩ የሞተር መጋዝ እንዲገዛ ተፈቀደለት። እስከዚያ ድረስ ከደራ በጭነት መኪና የሚመጣውን ግንድ የሚቆርጡትና የሚሰነጥቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ከላይ ቆሞ፣ አንዱ ከታች ሆኖ፣ ረጅሙን መጋዝ ቀኑን ሙሉ ይጓተታሉ። የላይኛው ኡርጌሳ ይባላል። የኩየራ ሰው ነው፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ሚስቱ ሻሼ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ትሠራለች። ወደ ናዝሬት ከመምጣቱ በፊት ሻሸመኔ አካባቢ ከአንድ እንጨት ቆራጭ ጋር ጥቂት ወራት ሠርቶ ስለነበር፣ በማኅበሩ ውስጥ የሞተር መጋዝ በእጁ የነካ ሰው እሱ ብቻ ነው።

እናም አዲስ አበባ ሄደው ሲመርጡ ሦስት ሆነው ሄዱ፦ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓድ ገሠሠ፣ ዕቃውን የምትረከበው ፀዳለ፣ ኡርጌሳ። አቅራቢው መሥሪያ ቤት ሁለት መጋዝ ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ጠበቃቸው። አንዱ ትልቅ ነው፤ ሰንሰለቱ የሚዞርበት ብረት፣ ሠራተኞቹ ኋላ «ምላሱ» ያሉት፣ አንድ ክንድ ተኩል ይሆናል። ሌላው ትንሽ ነው፣ ምላሱም አጭር።

ጓድ ገሠሠ ገና ከበሩ ዓይኑን ትልቁ ላይ ጣለ። ኡርጌሳ ግን ትልቁን አነሣና ክንዱን ዘርግቶ ቆመ። ከዚያ በለሆሳስ በኦሮምኛ መቁጠር ጀመረ። «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር...» ሃያ ሳይደርስ እጁ ተንቀጠቀጠ። አስቀመጠው። ትንሹን አንሥቶ እንደገና ቆጠረ፤ ስልሳ ሲሞላ ራሱ ሰለቸውና ተወው።

ፀዳለ በዚህ ተደነቀች። መጋዝ እንዲህ ይመረጣል ብላ አስባ አታውቅም። «ኡርጌሳ፣ ምን ልትለካ ነው?» አለችው።

«ከሰዓት በኋላን ነው እትዬ» አላት። «ጠዋት ሁሉም ቀላል ነው። ከሰዓት በኋላ ነው የሚከብደው። እጅ ሲደክም መጋዙ ይወርዳል፤ የሚወርደው ደግሞ እግር ላይ ነው።»

«ጓድ ኡርጌሳ፣ የምንገዛው መጋዙን ነው ወይስ ያንተን ክንድ?» አለ ገሠሠ እየሳቀ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ የደራ ግንድ ቢወፍር ይኼን ያህል ነው» አለና ኡርጌሳ በሁለት እጁ አሳየ። «ትንሹ ከዚህም ከዚያም ገብቶ ይጨርሰዋል። ትልቁ ቤንዚንም ይበላል። ሌላው ደግሞ ሞረዱ ነው፤ ለጥርሱ ክብ ሞረድ ነው የሚያስፈልገው፣ እኛ ያለን ባለ ሦስት ማዕዘኑ ነው። ከመጋዙ ይልቅ መሞረጃው ይጠየቅ።»

ገሠሠ ግን ክቡን ሞረድ ቢቀበልም ትልቁን መጋዝ መረጠ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ለበላይ አካል የሚላክ ሪፖርት አለ፤ ሪፖርት ላይ ትልቅ መጋዝ ከትንሽ መጋዝ ይልቅ ደስ ይላል።

በማግስቱ ባለሙያው መጋዙን ይዞ ናዝሬት መጣ። የማኅበሩ አባላት በሙሉ ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። ባለሙያው ከራሱ ጀሪካን ነዳጅ ቀዳና የማስነሻ ገመዱን ሦስት ጊዜ ሳበው። መጋዙ ጮኸ። ሰማያዊ ጭስ ግቢውን ሞላው፤ ሴቶቹ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ሸፈኑ፣ ገሠሠም ሳል ያዘው። ባለሙያው አንድ ግንድ ለሁለት ከፈለ፤ ጭብጨባ ሆነ። ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ ያለውን ሁሉ በጥድፊያ ያሳይ ጀመር፦ ሰንሰለቱ ሲላላ ይኸ ብሎን ይጠብቃል፤ በጣት ሲሳብ ትንሽ መነሣት፣ ሲለቀቅ ተመልሶ መግጠም አለበት። ጥርሱ በክብ ሞረድ ከውስጥ ወደ ውጭ ብቻ ይሞረዳል፤ ለአንዱ ጥርስ ሦስት ጊዜ ከሆነ ለሁሉም ሦስት ጊዜ ነው። መጋዙ ፍቅፋቂ የሚተፋ ከሆነ ስለት አለው፤ ዱቄት መትፋት ከጀመረ ደንዟልና ይቁም።

«ክዳኖቹ ደግሞ ሁለት ናቸው» አለ ባለሙያው። «ይኼ የነዳጅ፣ ይኼ የዘይት።» ይህን ብሎ ሰዓቱን አየ። መኪናው ይጠብቀው ነበር። በምን ቋንቋ እንደተጻፈ ማንም ያላወቀው ትንሽ መጽሐፍ ለፀዳለ አስረክቦ ሄደ።

ፀዳለ መጽሐፉን ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሁሉ ስታገላብጠው ዋለች። ፊደሉን ባትረዳውም ሥዕሎች ነበሩት። አንደኛው ሥዕል ላይ ጀሪካን አለ፤ ከጀሪካኑ በላይ አንድ ትልቅ ጠብታ፣ አንድ ትንሽ ጠብታ። ከጎኑ «1 : 25» ይላል። ሁለቱ ጠብታዎች አልቸገሯትም፤ ክዳኖቹ ሁለት ናቸውና ቤንዚንና ዘይት መሆናቸው ነው ብላ አለፈቻቸው። የቸገራት ቁጥሩ ነው። ሰዓት ይሆን? አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ሠርቶ ይረፍ ማለት ይሆን? ይኼ መልስ ለጊዜው ደስ አላት።

በሚቀጥለው ጠዋት ኡርጌሳ ነዳጅ ሊወስድ መጣ። ፀዳለ ቤንዚኑን ቀዳችለት፣ ለሰንሰለቱ የሚሆነውን የሞተር ዘይትም ለብቻው ሰጠችው። ሰውየው ግን አልሄደም። ጣቱን ቤንዚኑ ውስጥ ነክሮ ወደ ብርሃን አዞረው።

«እትዬ ፀዳለ፣ ይቺ ነጣችብኝ።»

«ቤንዚን ምን ዓይነት እንዲሆን ነበር?»

«እኔ እንጃ። የሻሸመኔው ቀላ ይል ነበር። የሚያዘጋጀው ያሠራኝ የነበረው ጌታዬ ነው፣ እኔ አላይም። ዘይት ጠብ የሚያደርግባት ይመስለኛል። ትንሽ ዘይት ብትጨምሪልኝስ?»

ፀዳለ ሌላ ጊዜ ቢሆን «ለምን?» ትል ነበር። «ለምን» የእሷ ቃል ናት፤ ቀን በቀን ለማንም የምትወረውራት። ያን ጠዋት ግን አብተው ትዝ አላት፣ ልቧም ዝግት አለ። ሰውየው ቤንዚን ላይ ሌላ ነገር ጨምሮ ከሥሩ ሊቀንስ ነው የሚል ጥርጣሬ ገባት።

«አየህ፣ ዘይት የራሱ ቤት አለው» አለችው፣ ክዳኖቹን እያሳየች። «ቤንዚን እዚህ፣ ዘይት እዚህ። የሚቀላቀሉ ቢሆን ኖሮ ፈረንጅ ሁለት ክዳን ምን አደከመው? በዚህ ግምጃ ቤት ደግሞ ቤንዚን ላይ ጠብ የሚል ነገር የለም።»

ነገሩ ሲያስቡት እውነት ይመስላል። ኡርጌሳም አሰበና «ቶሌ፣ እሺ» ብሎ ጀሪካኑን አነሣ። ፀዳለ ሰነዱ ላይ «ምንም ያልተቀላቀለበት» ብላ ፈረመች።

መጋዙ ሲነሣ ጭስ የሚባል አልነበረም። ገሠሠ እጆቹን ዘርግቶ ወደ አባላቱ ዞረ። «አያችሁ ጓዶች! የእኛ ቤንዚን ንጹሕ ነው! ትናንት በሰው ነዳጅ ጭስ በላን፣ ዛሬ በራሳችን ጭስ የለም!» ተጨበጨበ። ፀዳለ ደረቷ በኩራት ተነፋ። መጋዙም ከትናንቱ ይልቅ ቀጭን፣ ስል ድምፅ እያወጣ የባሕር ዛፉን ግንድ ገባበት፤ ነጭ ፍቅፋቂ እንደ ጉድ ይወረወር ነበር። ሦስተኛው ግንድ ላይ ድምፁ ታነቀ። አንድ ጊዜ ጢጥ አለና ቆመ። ኡርጌሳ ገመዱን ሳበው፤ ገመዱ ድንጋይ ላይ የታሰረ ይመስል ንቅንቅ አላለም። ከተነሣ ሩብ ሰዓት አልሞላውም።

ከዚያ በኋላ የሆነው በፍጥነት ሆነ። አንዱ «ሰውየው መጋዙ ሥራዬን ይወስድብኛል ብሎ ፈርቷል» አለ። ሌላው «ትልቁ አይገዛ ብሎ ሲከራከር አልነበር?» አለ። የኡርጌሳ ኮት ግንዶቹ ላይ ተጥሎ ነበር፤ ኪሱ ሲፈተሽ በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር ወጣ። በዚያ ጊዜ ስኳር በቀበሌ በራሽን ነው የሚታደለው፤ በኪሱ ይዞት የሚዞር ሰው የለም።

«ሚስቴ ናት ከወንጂ የምትልክልኝ» አለ ኡርጌሳ። «ለሻይ ነው።»

«ለሻይ!» አለ ገሠሠ። ስኳር ቤንዚን ውስጥ ገብቶ ሞተር እንደሚገድል ሁሉም ሰው ሰምቷል፤ አይቶ የሚያውቅ ግን አልነበረም። ተወሰነ። ቅዳሜ ጠቅላላ ስብሰባ ይደረጋል፤ ጉዳዩ ከተረጋገጠ ኡርጌሳ በአሻጥር ለቀበሌው አብዮት ጥበቃ ይተላለፋል። እስከዚያ ከከተማ እንዳይወጣ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አብተውን ያየ ሁሉ ያውቃል።

ኡርጌሳ አልሸሸም። በየጠዋቱ ይመጣና ሥራ በሌለበት ግንዶቹ ላይ ይቀመጣል። ፀዳለ የግምጃ ቤቱን መስኮት በከፈተች ቁጥር ጀርባው ይታያታል። ስለ ዘይቱ ለማንም አልተናገረም። እንዳይናገርባት ፈርታ ነበር፤ አለመናገሩ ደግሞ ጭራሽ እንቅልፍ ነሳት።

መጀመሪያ ስኳሩን ያዘች። እውነት ለመናገር ያነሣሣት የኡርጌሳ ነገር ብቻ አልነበረም፤ ስኳር ቤንዚን ውስጥ ምን እንደሚሆን ማወቅ አማራት። የወሩን ራሽኗን ከፍታ አንድ ማንኪያ ወሰደች፤ ብርጭቆ ውስጥ ቤንዚን ቀድታ ጨመረችበት። አማሰለችው። ስኳሩ ዞረ፣ ዞረና ከሥር ተኛ። ሻይ ውስጥ የሚጠፋው ስኳር ቤንዚኑ ውስጥ ከነፍሬው ቁጭ አለ። ምሳ ሰዓት ድረስ ጠበቀችው። እንደነበረ ነው። ወዲያው መጋዙ ከተቀመጠበት ጥግ ሄደች፤ በታንከሩ የቀረውን ቤንዚን ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ላይ አጠለለችው። አንዲት ፍሬ የለም።

ፀዳለ ደስታዋ ልክ አጣ። ቀጥሎ ግን ሌላ ጥያቄ መጣባት፦ ስኳር ካልገደለው ምን ገደለው?

መልሱን ያገኘችው ሳትፈልገው ነው። ሐሙስ ከሰዓት የሥራ ካፖርቷን ልታስጠግን ወደ ልብስ ሰፊው ኑሬ ሄደች። ኑሬ አሮጌ ቬስፓ አለው። ደጁ ላይ ቬስፓዋን አቁሞ ከጀሪካን ቤንዚን ይቀዳላታል፤ ቀጥሎ አረቄ የሚጠጣባትን ትንሽዋን መለኪያ በሞተር ዘይት ሞልቶ እዚያው ነዳጁ ላይ ገለበጣት።

ፀዳለ ቀጥ ብላ ቆመች። «ጋሼ ኑሬ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ምን አደረግሁ? ነዳጅ እየቀዳሁ ነዋ።»

«ቤንዚን ላይ ዘይት?»

«ይቺማ ዘይት ካልቀመሰች ትሞትብኛለች» አለ ኑሬ። «የትልቅ መኪና ሞተር ከሥሩ ዘይት የሚተኛበት ሆድ አለው። ትንሽዋ ግን ሆድ የላትም። ዘይቷን ከምትጠጣው ነው የምታገኘው። ጭሷ ሰማያዊ የሆነው ለምን መሰለሽ?»

ሰማያዊ ጭስ። ፀዳለ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ኑሬ ሳያያት ቀጠለ። «አንድ ጊዜ ሞጆ ስሄድ ዘይቱን ረስቼው መንገድ ላይ ደርቃ ቀረች። ያው ፒስተኗ እሱ አይደለም?» አለና ወደ ጠረጴዛው ጠቆመ። ፀዳለ ያንን ብረት ለዓመታት አይታዋለች፤ ኑሬ ጨርቅ ሲቆርጥ እንዳይሸሽበት የሚጭነው ነገር ነው። አንሥታ አገላበጠችው። ጎኑ ሁሉ ድመት የቧጨረችው ይመስላል።

ካፖርቱን ረስታው ወጣች። ግምጃ ቤት ገብታ በሯን ዘጋች፤ ካቻቢቴና የብሎን መፍቻ ይዛ መጋዙ አጠገብ ተቀመጠች። ጭሱ የሚወጣበትን ማርሚታ የያዙትን ሁለት ብሎኖች ፈታች። ማርሚታው ሲነሣ ቀዳዳ ታየ፣ በቀዳዳው ውስጥ የፒስተኑ ጎን። መስታወት መምሰል ሲገባው ከላይ እስከ ታች ተቧጭሯል፤ ልክ የኑሬው ነው። ከዚያ መጽሐፉን አወጣች። ትልቁ ጠብታና ትንሹ ጠብታ ወደ ሁለት ክዳን አይደለም የሚሄዱት፤ ሁለቱም የሚገቡት አንድ ጀሪካን ውስጥ ነው። «1 : 25» ሰዓት አይደለም፤ ለሃያ አምስት እጅ ቤንዚን አንድ እጅ ዘይት ነው። ሥዕሉ መጀመሪያ ቀን ነግሯት ነበር።

መጋዙን የገደለው የማን እጅ እንደሆነ ያኔ ገባት። ሰነዱን አወጣች፤ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቷ «ምንም ያልተቀላቀለበት» ይላል፣ ፊርማዋም ከሥሩ ነው። እንዲህ በራስ እጅ ተጽፎ የተፈረመ ማስረጃ አብተው ላይ እንኳ አልተገኘም ነበር።

ዝም ብትልስ? ይኼ ሐሳብ መጣባት፤ አልመጣም ማለት ውሸት ነው። መጽሐፉን የሚያነብ ሰው የለም። ኑሬ የማኅበሩ አባል አይደለም። ማርሚታውን መልሳ ብታስረው ማን ያውቃል? ዓርብን በሙሉ በዚህ ሐሳብ ዋለች። ወደ ማታ ላይ ኡርጌሳ ከግንዶቹ ተነሥቶ በመስኮቱ በኩል ሲያልፍ «ደህና እደሪ እትዬ» አላት። ፀዳለ እንደዚያን ጊዜ ራሷን ጠልታ አታውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት አባላቱ በአዳራሹ ተሰበሰቡ። ገሠሠ ክሱን አነበበ። ስኳሩ ከነወረቀቱ፣ መጋዙም ከጎኑ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል። «አስተያየት ያለው?» ሲባል ፀዳለ በዘንቢል ዕቃ ይዛ ወጣች።

«እኔ ንግግር አልችልም» አለች። «አሳያችኋለሁ።»

ብርጭቆ አወጣች፣ ቤንዚን ቀዳች፣ ከወረቀቱ የኡርጌሳን ስኳር ጨመረችበት። አማስላ ለፊተኞቹ ረድፎች አሳየች። ሰዎች ከወንበራቸው ተነሥተው አጮለቁ። «አይሟሟም እንዴ?» አለ አንዱ፣ ክሱንም ስብሰባውንም ረስቶ። ቀጥላ ከመጋዙ ታንከር ያጠለለችበትን ጨርቅ ዘረጋች። ከዚያ ማልዳ ከኑሬ ለምና ያመጣችውን ፒስተን አውጥታ፣ ማርሚታው የተነሣበትን የመጋዙን ቀዳዳ ወደ ሰዎቹ አዞረችና ሁለቱን ጎን ለጎን አሳየቻቸው። ጭረቱን ሁሉም በጣቱ ዳሰሰው። ስለ ሆዱና ስለ ዘይቱ፣ ስለ ሰማያዊው ጭስና ስለ ሁለቱ ጠብታዎች ስታስረዳ የራሷ ድምፅ ሳይታወቃት ሞቅ አለ፤ አልዋሽም፣ ለጥቂት ደቂቃ ደስ ብሏት ነበር። መጋዙ የሞተው ከውስጥ ደርቆ ነው። የገደለው የተጨመረበት ሳይሆን ያልተጨመረበት ነው።

ገሠሠ ፊቱ ተለዋወጠ። ስለ ንጹሕ ቤንዚን ያስጨበጨበው እሱ ራሱ መሆኑ ትዝ ሳይለው አልቀረም። «ታዲያ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሠራተኛው ይኼን እያወቀ ዘይት ለምን አልጠየቀም? ጓድ ኡርጌሳ፣ ዘይት ጠይቀህ ነበር?»

ኡርጌሳ ተነሣ። ፀዳለን አያት። ከዚያ ወለሉን አየና «አልጠየቅሁም» አለ። «እኔም በደንብ አላውቀውም ነበር።»

ለፀዳለ ማምለጫ በር ተከፍቶላት ነበር፤ ቁጭ ብትል ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል፣ ጥፋቱም የማያውቅ ሰው ጥፋት ሆኖ ይቀራል። ፀዳለ ግን አልተቀመጠችም።

«ጠይቆኛል» አለች። «ጠዋት፣ ከግምጃ ቤቱ በር ላይ። ዘይት ጨምሪልኝ አለኝ፤ ከለከልኩት። ሌባ ነው ብዬ ጠረጠርኩት። ለምን ብዬ አልጠየቅሁትም።» ሰነዱን ከብርጭቆው አጠገብ አስቀመጠች። «ይኸው ፊርማዬ።»

አሥራ አንድ ቀን በቀበሌው እስር ቤት ቆየች። አብተው ያደረበት ክፍል እንደሆነ ዘበኛው ነገራት። ጠያቂ አላጣችም፤ በየጠዋቱ ሥራ ከመግባቱ በፊት ኡርጌሳ ሻይ በቴርሞስ ይዞ ይመጣል። ሻዩ ስኳር በዝቶበታል። ሻሼ ከወንጂ የምትልክለት ያው ስኳር ነው።

ከተፈታች በኋላ የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ለሌላ ሰው አስረከበች። አቅራቢው መሥሪያ ቤት የተቃጠለውን ትልቁን መጋዝ ለመለዋወጫ ወስዶ በምትኩ ማንም ያልፈለገውን ትንሹን ላከ። ኡርጌሳ በሁለት እጁ ተቀበለው፣ ክንዱን ዘርግቶ አንድ ጊዜ አነሣውና ሳቀ። ከዚያ ለገሠሠ መጋዙን የሚንከባከብ፣ ጥርሱን የሚሞርድ፣ ነዳጁን የሚያዘጋጅ ሰው እንደሚያስፈልግ ነገረው። ያ ሰው ማን መሆን እንዳለበትም ነገረው። ገሠሠ ብዙ አሰበ። በመጨረሻ «ቁጥጥር ይኑረው እንጂ እሺ» አለ። «በጀሪካኑ ላይ ውስጡ ምን እንዳለ ይጻፍበት፣ ያዘጋጀውም ይፈርምበት።»

በመጀመሪያው ቀን ፀዳለ ከኑሬ የተዋሰችውን መለኪያ ይዛ ግንዶቹ ላይ ተቀመጠች። ለአንድ ሊትር ቤንዚን አንድ መለኪያ ዘይት። ለሁለተኛው ሊትር ሁለተኛ መለኪያ። ክዳኑን ገጥማ ጀሪካኑን ናጠችው፤ ከፍታ ጣቷን ነክራ ወደ ብርሃን አየችው። ቀላ ብሏል። ገሠሠ ከበሩ ላይ ቆሞ ያያታል። ጠመኔ አነሣች። እጇ ከልማዱ ተነሥቶ «ምን» ብሎ ሊጀምር ሲል ያዘችው።

በጀሪካኑ ጎን ላይ፣ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቷ፣ «ዘይት ተቀላቅሎበታል» ብላ ጻፈች። ከሥሩም ፈረመች። ከዚያ ጀሪካኑን አንሥታ ለኡርጌሳ ሰጠችው።